የዋሻ ሚካኤል መረዋና የማዶው መልስ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ወልዲያ

"ሰቆጣ! አንድ ሰው! ሰቆጣ!" ይላል ረዳቱ። መኪናው ውስጥ ግን ገና አምስት ነን። አንድ ሰው ብቻ የቀረው ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሣ ድረስ ሰማዩ ነጋ። ጣራው ላይ ሁለት ፍራሽ፣ ሦስት ጆንያ በርበሬና አንድ የተገለበጠ የእንጨት አልጋ ታስሯል። ረዳቱ የእኔንም ቦርሳ ሊሰቅል ሦስት ጊዜ መጣ። አልሰጠሁትም። ቦርሳው ውስጥ የድምፅ መቅጃዬ፣ ሁለት ማይክራፎንና ማዳመጫዬ አሉ። በዚህ ጉዞ ላለመሸነፍ ወስኜ ስለመጣሁ ከረዳቱ ብጀምር ይሻላል አልኩ።

የደረሰኝ ቦታ ጋቢና ነው። ሹፌሩ ሙሉጌታ ይባላል፣ የሰቆጣ ልጅ ነው፣ ሲነዳም ሲያወራም አይቸኩልም። ከተማውን ወጥተን መንገዱ ዳገት ሲይዝና ተራራው ወለል ብሎ ሲታይ ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ሰካ። በገና ነው።

"ተራራ ሲመጣ ይኼን ነው የምለቀው" አለኝ። "የዋሻ ሚካኤል በገና ነው። የደሃና። ሰምተኸው ታውቃለህ?"

ሰምቼው አውቃለሁ። የሠራሁት እኔ ነኝ።

ሥራዬ ለፊልም ድምፅ መቅዳትና ማቀናበር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን ደሃና ውስጥ ስላለ ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ዘጠኝ ደቂቃ የምትሆን ፊልም ሠርተን በኢንተርኔት ለቀቅናት። በሙያችን ሁሉም የሚያውቀው አዘገጃጀት አለ፤ ለተራራ ዋሽንት፣ ለዋሻ በገና፣ ለገበያ ከበሮ። የተራራው ሰው ዋሽንት ይንፋ አይንፋ፣ ዋሻው ውስጥ በገና ተደርድሮ ይወቅ አይወቅ የሚጠይቅ የለም። የዋሻ ሚካኤልን በገና የቀዳሁት አዲስ አበባ፣ ግድግዳው ላይ ፍራሽ በተለጠፈበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ደርዳሪው ዋግን በእግሩ ረግጦት አያውቅም። ግን አምሮ ወጣ። ፊልሟ ከተረሳች በኋላም በገናው ብቻውን አገር ለአገር ዞረ። አንዳንዱ የስልኩ ጥሪ አደረገው፤ ሹፌሮች ደግሞ እንደምታዩት ለተራራ አደረጉት።

"ማን እንደ ሠራው ታውቃለህ?" አልኩት ሙሉጌታን።

"ማን ይሠራዋል? ከጥንት የነበረ ነው እንጂ።"

እስከ ጋሸና ድረስ ሦስት ጊዜ ደገመው፤ በሦስቱም ጊዜ አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ አስከተማ

ላሊበላንና ቢልባላን አልፈን ጋዝጊብላ ገብተናል። ዛሬ እዚህ ገበያ ነው። መንገዱ በሰውና በአህያ ተሞልቷል፤ ገብስ በጆንያ፣ ማር በቅል፣ ጌሾ በዘለላ። ሙሉጌታ መለከቱን እየነፋ ፍየሎች መሐል ይሳባል። ፍየሎቹ አይሰሙትም፣ ባለቤቶቻቸውም እንደዚያው። የነቢያት ጾም ስለገባ ለምሳ የቀረበልን የማሽላ እንጀራና ትኩስ ሽሮ ነው። ሽሮው እስኪበርድ ለምን እንደመጣሁ ልንገራችሁ።

ከሁለት ሳምንት በፊት እታገኝ የምትባል ሰቆጣ የምታስተምር ሴት ደወለችልኝ። አባቷ ቄስ ዓለሙ የዋሻ ሚካኤል ደወል ደዋይ ናቸው። "አባቴ መልእክት አላቸው" አለችኝ። "'ያመጣው ሰው ራሱ መጥቶ ያንሣልን' ይላሉ።"

"ምኑን?"

"በገናህን።"

ቄስ ዓለሙን አስታወስኳቸው። በቤተ ክርስቲያናቸው ደጅ ከወይራ አግዳሚ ላይ በጠፍር የተንጠለጠሉ ሦስት ሰፋፊ ድንጋዮች አሉ። ደወሉ እነሱ ናቸው፤ መረዋ ይሏቸዋል። እኛ ዘፋኝ ስናደንቅ "ድምፀ መረዋ" እንላለን፤ መረዋው ራሱ ምን እንደሚል የሰማን ግን ጥቂት ነን። እኔ ሰምቼው፣ ቀድቼውም ነበር። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ መቱ፤ ትልቁን፣ መካከለኛውን፣ ትንሹን። ከዚያ ዝም ሲሉ ያለቀ መስሎኝ መቅጃዬን አጠፋሁና ዕቃዬን ሰበሰብኩ። አዲስ አበባ ስመለስ ሦስት ምት የት ትደርሳለች ብዬ ጣልኳትና በገናውን ጫንኩበት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይኼ ነው።

እታገኝ በደወለች ዕለት አሮጌውን ፋይል ፈልጌ ከፈትኩት። ከሦስተኛው ምት ጥቂት በኋላ፣ ያኔ ልብ ያላልኩት፣ ከማይክራፎኑ ራቅ ያለ የሽማግሌ ድምፅ አለ። "ቆይ" ይላል። ከዚያ የእኔ ጣት ይቆርጠዋል።

ምን እንድቆይ ነበር? ይህን ሳላውቅ እንደማልመለስ ለራሴ ነግሬ ነው ከቤቴ የወጣሁት።

ሐሙስ፣ ምሽት፣ ሰቆጣ

እታገኝ መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀችኝ። ቀጠን ያለች፣ ፈጣን ሴት ናት። አቧራዬን አይታ ሳቀችና ባጃጅ ጠራች። ነገሩን ግን እየሳቀች አልነበረም የነገረችኝ።

"የአካባቢው ተወላጆች አዋጥተው ለቤተ ክርስቲያኑ ሶላርና ድምፅ ማጉያ ገዙ። በጎ ነገር ነው፣ ማንም አልጠላውም። ኋላ ፊልሙን ያዩ እንግዶች እየመጡ 'በገናው የታለ?' ማለት ጀመሩ። ሲያጡት ቅር ይላቸዋል። ኮሚቴው እንግዳ አይከፋ ብሎ ካንተ ፊልም ላይ ቀዳና ለኪዳን በደወሉ ፈንታ እሱን መልቀቅ ጀመረ። አባቴን 'ደክመዋል፣ ይረፉ' አሏቸው።"

"ተቆጥተው ነው የጠሩኝ?"

"ቢቆጡማ በጎ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ቅዳሴ አልገቡም። ቄስ ሆነው፣ ደጅ ቆመው አስቀድሰው ይመለሳሉ። ለምን ስላቸው 'ያ ልጅ ይምጣ' ብቻ ነው የሚሉኝ።"

እኔ የፈራሁት ስድብ ነበር። አንድ ሽማግሌ ካህን ከመቅደሳቸው መለየታቸውን አልጠበቅኩም። ያዘዝኩት ምግብ ሳልነካው ቀዘቀዘ።

ዓርብ፣ ከሰቆጣ ወደ ደሃና

እስከ አምደወርቅ በቅጥቅጥ መኪና፣ ከዚያ በእግር። ቅጥቅጡ ውስጥ ከኋላዬ ያሉት ሁለት እናቶች በኽምጣኛ ያወራሉ፤ መሐል መሐል "ሚካኤል" የሚለው ብቻ ይገባኛል። መንገዱ ላይ ገብስ ታጭዶ ተከምሯል። በየአውድማው በሬዎች ይዞራሉ፤ የሚነዷቸው ሰዎች ያዜማሉ። ቆም ብዬ ልቀዳ ስል እታገኝ "ለዚህ ደግሞ ምን ልትጭንበት ነው?" አለችኝ። መቅጃውን መልሼ ከተትኩ። ሲቆነጥጡ እንደ እሷ ነው።

አራት ሰዓት ያህል ሄደን አመሻሽ ላይ ደረስን። ቤተ ክርስቲያኑ ከሩቅ አይታይም፤ ገደሉ አፍ ላይ ካሉት ጥዶች ሥር ዐለቱን ቆርጠው የገቡበት በር ብቻ ነው ያለው። ጥዱ አናት ላይ ግን ሁለት አፍ ያለው ግራጫ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፤ እሱ ከሩቅ ይታያል።

ቅዳሜ፣ ጠዋት፣ ዋሻ ሚካኤል

ቄስ ዓለሙ ደጃፋቸው ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። መስቀል ተሳለምኩ። ትኩር ብለው አዩኝ።

"መጣህ? ያኔ ቆይ ብልህ ጥለኸኝ ሄድህ።"

"አልሰማሁዎትም ነበር አባ። ምኑን ልቆይ ነበር?"

"መልሱን ነዋ።"

እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ገደሉን አሻግረው አሳዩኝ። ከማዶ፣ በጧት ጭጋግ ውስጥ፣ አንድ የጥድ ጉብታ ይታያል። ማዶ ጊዮርጊስ ነው።

"እዚያ ኪሮስ አለ። ቆሎ ተማሪ ሳለን ባንድ አኮፋዳ ለምነን ነው የበላን። ኋላ እኔ ኸዚህ ተቀጠርሁ፣ እሱ ኸዚያ። ለኪዳን እኔ ሦስት እመታለሁ። ዝም እላለሁ። ኪሮስ ኸማዶ ሁለት ይመልሳል። አለሁ ስለው፣ እኔም አለሁ ይለኛል። መልሱን ሳልሰማ ኪዳን ገብቼ አላውቅም። እንዲህ ስንባባል ነው ጠጉራችን የሸበተ።"

"አሁንስ?"

"ማሽኑ ኸገባ ወዲያ ዝም አለኝ። ተቀየመ። በማሽን ጠራኝ ብሎ ናቀኝ። በገበያተኛ 'ምነው ዝም አልህ?' ብዬ ላክሁበት። ምን ብሎ መለሰ? 'እኔ ዝም አላልሁም።' አየህ ንቀቱን! እኔ በጆሮዬ እየሰማሁ፣ አላልሁም ይለኛል። እኔም ተቀየምሁ። ቂም ይዤ ደሞ እንዴት ኸመንበሩ ፊት እቆማለሁ?"

"የንስሐ አባትዎ ምን አሉ?"

"'ታረቅ' አለኝ። ጉልበቴ ገደሉን አይወርድ፣ የሱም አይወጣ። በሰው አፍ ስልክበት ደሞ የመለሰውን ሰማህ።"

እታገኝ ይህን ከእኔ ጋር ገና መስማቷ ነው። አባቷን አየቻቸው፣ አንገቷን ደፋች። ለልጃቸው ያልነገሩትን ለእኔ የነገሩኝ ነገሩን ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ይመስለኛል።

ወዲያው ወደ ሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ወደ አቶ ፍሰሐ ሄድን። ገብስ እየወቁ ነበር፤ ላባቸውን ጠርገው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። "ባለ ፊልሙ! አገራችንን አስጠራህ!" አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

"አቶ ፍሰሐ፣ በገናውን ያጥፉልኝ። የዚህ አገር ድምፅ አይደለም። አዲስ አበባ ነው የቀዳሁት።"

"ታዲያ ምናለበት? መንፈሳዊ ነው። እንግዳውም ወዶታል። ለፍተህ የሠራኸውን አንተው ዝጉት ትላለህ?"

"እላለሁ።"

ጥቂት አሰቡ። "ብቻዬን አልዘጋውም። ሕዝብ ያዋጣበት ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ እንምከርበት።"

"ለነገው ኪዳን ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ..."

"ከቅዳሴ በኋላ አልሁህ፣ ወንድሜ።"

ለነገ ባዶ እጄን መቅረብ አልፈለግኩም። "እኔ ዝም አላልሁም" የሚለው ቃል እየከነከነኝ ነበር። አንድ የተቀየመ ሽማግሌ ከቂሙ ጋር ሌላ ብዙ ነገር ይል ነበር እንጂ እንዲህ በአጭሩ አይመልስም። እታገኝን "ማዶ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አልኳት።

"በእኔ እግር ሦስት። በአዲስ አበባ እግር እንጃ።"

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ገደሉ

በአዲስ አበባ እግር አምስት ሰዓት ፈጀ። ቁልቁለቱ የሚንሸራተት ጠጠር ነው፤ ሁለት ጊዜ በመቀመጫዬ ሄድኩ። ከታች ሙቀቱ ሌላ አገር ነው፤ ቁልቋልና ግራር፣ የደረቀ ማሽላ፣ ጉልበት የማይሞላ ወንዝ። ውኃ ስንጠጣ ጠቅላላ ገደሉን ሰማሁት። ላይ የሚጮህ ፍየል እዚህ ታች ድረስ ጥርት ብሎ ይወርዳል። እዚህ አገር ድምፅ ማጉያ ምን ያደርጋል አልኩ በልቤ። ዳገቱ ላይ ቦርሳዬን እታገኝ ልትሸከምልኝ ጠየቀች። አልሰጠኋትም፤ ጥርሴን ነክሼ ወጣሁት።

አባ ኪሮስ ትንሽ፣ ሳቂታ ሽማግሌ ናቸው። በማር የተበጠበጠ በሶ አቀረቡልን፤ እኔን ሳያዩ እታገኝን ያዟት። "የዓለሙ ልጅ! ደኅና ነው? ጉልበቱሳ?"

"ደኅና ናቸው አባ። ግን ተቀይመዋል። ለምን ዝም እንዳሏቸው ጠይቂልኝ ብለው ነው" ብላ ያልተላከችውን አከለችበት።

"እኔ ዝም አላልሁም" አሉ።

ያው ቃል ነው። ፊታቸውን አየሁ፤ ንቀት የለበትም፣ ግራ መጋባት ነው ያለበት።

"ነገ ጎህ ሲቀድ ተነሡና እዩኝ" አሉን።

እሁድ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ማዶ ጊዮርጊስ

ብርዱ አጥንት ይገባል። አባ ኪሮስ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋያቸው አጠገብ ቆመዋል፤ መምቻቸው ጭብጥ የምትሞላ ጥቁር ጠጠር ናት። መቅጃዬን ከፍቼ ማይክራፎኑን ወደ ገደሉ አዞርኩ።

ከዋሻ ሚካኤል በኩል በገናው ተነሣ።

ፍራሽ በተለጠፈበት ክፍል የቀዳሁት በገና ገደሉን ተሻግሮ መጣ። የደርዳሪው ጣት ስትስት ያረምኩባትን ቦታ ሳይቀር አወቅኋት። እንዲህ ያለ ቦታ፣ እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ የገዛ ሥራዬን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አባ ኪሮስ መምቻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ለመመለስ የሚሆን ዝምታ ይፈልጋሉ፤ በገናው ግን ዝም አይልም። "ይኼ ነገር መተንፈሻ የለው" አሉ። ኋላ ሲሰለቻቸው ሁለት ጊዜ መቱ። ድንጋዩ እንደ ብርት ጠራ። ድምፁ ገደሉ መሐል ሲደርስ በገናው ዋጠው።

"አባ፣ በየሳምንቱ እንዲህ ይመታሉ?"

"በየሰንበቱ፣ በየወሩ ሚካኤል። ምነው?"

"ለማሽን ነው የሚመልሱት?"

"ማሽን ቢጠራኝሳ? ኪዳኑ የሚካኤል ነው። ዓለሙ ኸማሽኑ ኋላ ቁጭ ብሎ ይሰማኛል ብዬ ነው።"

"አይሰማዎትም አባ" አለች እታገኝ። "አባቴ አይሰማዎትም። ማሽኑ ይሸፍንዎታል።"

ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ። "ይህን ሁሉ ወር?"

"ይህን ሁሉ ወር።"

መምቻዋን ድንጋዩ ሥር አስቀመጡና መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙን። "ሂዱ" አሉን፤ "እኔ ቅዳሴ አለብኝ። እናንት ሂዱና ንገሩት።"

ቁርስ አልበላንም። እታገኝ "አስቀድሰን ብንሄድ ሰንበቴው ይበተናል፣ እግዜር ይቅር ይበለን" አለችና መንገዱን ቀደመችኝ። ትናንት አምስት ሰዓት የፈጀብኝን ገደል ዛሬ በሦስት ሰዓት ተኩል ጨረስኩት። እንዴት እንደሆነ እግሬ ያውቃል።

እሁድ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ሰንበቴ

ጥዱ ሥር ሕዝቡ በክብ ተቀምጧል። ንፍሮ፣ የገብስ ዳቦ፣ ጠላ። አቶ ፍሰሐ ቦታ ሊሰጡኝ ተነሡ፤ እኔ ግን አልፌ ቄስ ዓለሙ ፊት ተንበረከኩ። ማዳመጫውን በጥምጥማቸው ላይ ካደረግኩላቸው በኋላ ቁልፉን ተጫንኩ።

በገናው ሲጀምር ፊታቸው ተኮሳተረ። ሊያወልቁት እጃቸውን አነሡ። "ቆይ፣ አባ" አልኳቸው። ከዚያ ሁለቱ ምት ደረሰ።

እጃቸው ባለበት ቀረ።

"መቼ ነው?"

"ዛሬ። ጎህ ሲቀድ።"

"ደግመህ አሰማኝ።"

ደገምኩላቸው። በሦስተኛው ጊዜ ማዳመጫውን አወለቁና ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። "እኔ ዝም አላልሁም ብሎኝ ነበር" አሉ ከጋቢው ውስጥ። "እውነቱን ነገረኝ። እኔ ነኝ በወንድሜ የፈረድሁት።"

ለመናገር አልተዘጋጀሁም ነበር፤ ተነሣሁ። በሕዝብ ፊት መናገር እጠላለሁ። በገናው የማን እንደሆነ፣ የት እንደተቀዳ፣ የእነሱን ሦስት ምት ለምን እንደጣልኩ አንድ በአንድ ተናገርኩ። "ዝምታውን ባዶ መስሎኝ ሞላሁት" አልኩ። "ለሰው የተተወ ቦታ መሆኑን አላወቅኩም። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ከድምፅ ማጉያችሁም አውርዱልኝ። ፊልሙንም እኔ አወርዳለሁ።"

አቶ ፍሰሐ ማዳመጫውን ተቀብለው ሰሙ። ሲያበቁ ለረጅም ጊዜ ጢማቸውን አሹ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አሉኝ፤ ከዚያ ፈገግ አሉ። "ለነገሩ የጮኽነው እኛም ነን። ይህን ሁሉ ጊዜ ማዶ እንደሚመልስ ማንኛችን ጠየቅን?" ጉባኤውን ዞር ብለው አዩ። ተቃዋሚ አልነበረም። ማጉያው ለስብከት ይሁን፣ ደወሉ ለድንጋዩ ተባለ። ፍላሿን ራሳቸው ነቅለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

"አሁኑኑ ይምቱልን እንጂ አባ!" አለ አንድ ጎረምሳ።

ቄስ ዓለሙ ጋቢያቸውን ገለጡ። "ለጨዋታ የሚመታ መረዋ አለ? ማክሰኞ ወሩ ሚካኤል ነው። ያኔ።"

ስለዚህ ቆየሁ። በሕይወቴ ሁለት ቀን ሙሉ ለአምስት ምት የጠበቅኩት ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ

እታገኝ በቀኝ፣ አቶ ፍሰሐ በግራ ደግፈዋቸው መጡ። ድንጋዮቹ ዘንድ ሲደርሱ ሁለቱንም ለቀቋቸው። ከሰንበቴው የሰሙት ሁሉ መጥተዋል፤ ደጁ በነጠላ ነጭ ሆኗል። መቅጃዬን ከፍቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩትና ከእሱ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

መጀመሪያ ትልቁን መቱ። ቀጥሎ መካከለኛውን። ቀጥሎ ትንሹን።

ዝም።

አንድ ሰው ሳለ፤ ጎረቤቱ በክርን ጎሰመው። አንዲት ወፍ ጮኸች። ባዶው ረዘመ፤ በእኔ ሙያ ይህን ያህል ዝምታ ስሕተት ነው፣ ይቆረጣል። ቄስ ዓለሙ መምቻቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ ጆሮአቸውን ወደ ማዶ ጥለው ይጠብቃሉ። አባ ኪሮስ ባይመቱስ? እሁድ ሐዘን ገብቷቸው ታመው ይሆን?

ከማዶ መጣ። አንድ። ሌላ አንድ።

ቄስ ዓለሙ ወደ ማዶ ዞረው፣ ወገባቸውን እስከቻላቸው ድረስ ዝቅ አድርገው፣ "ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው፣ ማንም ሳይደግፋቸው፣ ወደ ኪዳኑ ገቡ። እታገኝ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። እኔም አለቀስኩ፤ የምደብቀው ነገር የለኝም።

ሐሙስ፣ ከሰቆጣ ወደ ወልዲያ

ረዳቱ ያው ነው፤ ቦርሳዬን ሊሰቅል ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ሞከረ። ሙሉጌታም ጋቢናውን ጠብቆልኛል። አስከተማን አልፈን ተራራው ሲገለጥ እጁን ወደ ፍላሹ ላከ።

"ዛሬ እኔ ላሰማህ" አልኩት። "የዋሻ ሚካኤልን። ዋናውን።"

መቅጃዬን በገመድ ከቴፑ ጋር አገናኘሁት። ሦስቱ ምት መኪናውን ሞላው፤ ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ወሬአቸውን አቆሙ። ከዚያ ዝምታው መጣ። ሙሉጌታ ጥቂት ጠበቀ፣ ቴፑን መታ መታ አደረገ፣ እኔን አየኝ።

"አለቀ እንዴ?"

"ቆይ።"

የሞተሩ ጩኸት አላሰማ ስላለው መኪናውን ጥግ አስያዘና አጠፋው። ያ የሳለው ሰው ሳለ። ወፏ ጮኸች። ረዳቱ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሙሉጌታ እጁን አነሣበት። ከዚያ ከሩቅ፣ ከገደሉ ማዶ፣ ሁለቱ ምት መጣ።

ሙሉጌታ ሞተሩን ወዲያው አላስነሣም።

"ይኼኛውስ ማነው?" አለኝ።

ከአባ ኪሮስ ጀምሬ ነገርኩት።